አጥሩ በሕግ ይሠራ፦ ለአሜሪካ ኮንግረስ አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ ኮንግረስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና የተወካዮች ምክር ቤት አባላት

ግልባጭ፦ ድምፅ ለሚሰጡ ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካውያን ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ ለድንበር አጥር ግንባታ ሲባል ሕጎችን የማገድ ሥልጣን እንዲሻር ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የምክር ቤት አባላት፣

በምይዘው መንጃ ፈቃድ ላይ፣ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ኮከብ አለች። ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ (በዚህ ደብዳቤ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮከብ የሌለው መንጃ ፈቃድ ብቻ ይዞ የመጣ መንገደኛ ለአገር ውስጥ በረራ እንኳ ፍተሻውን እንደ ወትሮው ስለማያልፍ፣ እኔም እንደ ብዙ ወገኖቼ የዜግነት ወረቀቴን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴንና የቤት ኪራይ ውሌን በፕላስቲክ አቃፊ ይዤ መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) ተሰልፌ ነው ያገኘኋት። ያስተናገደችኝ ሠራተኛ ሰነዶቼን አንድ በአንድ እያገላበጠች፣ በአያቴ ስም አጻጻፍ ላይ አንዲት ፊደል ብትለያይባት አስቁማ ጠየቀችኝ። አልተቀየምኳትም። ሕጉ እንዲህ አድርጊ ብሏታል።

ለዚያች ኮከብ ምክንያት የሆነው ሕግ በሜይ 11 ቀን 2005 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፊርማ የጸደቀው የሪል አይዲ ሕግ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው በመታወቂያው ብቻ ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ክፍል 102 የሚባል፣ ከመታወቂያ ጋር ምንም የማያገናኘው አጭር ድንጋጌ አለ፤ የሚናገረውም ስለ ድንበር አጥር ነው። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ በድንበር ላይ አጥርና መንገድ በፍጥነት ለመሥራት ያስፈልጋል ብሎ እስካመነ ድረስ፣ በራሱ ውሳኔ ብቻ፣ ማናቸውንም የሕግ ግዴታ ተፈጻሚ እንዳይሆን ማድረግ ይችላል ይላል። በአንድ ዜጋ ስም ላይ አንዲት ፊደል የማያሳልፈው ሕግ፣ አንድ ሹም የአገሪቱን ሕጎች በአንድ ፊርማ እንዲያልፍ ፈቀደለት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ድንጋጌው እንዲሻር ለመጠየቅ ነው።

አገር ድንበሩን ሊጠብቅ አይገባም የምል ሰው አይደለሁም። እኔ ራሴ አሻራ ሰጥቼ፣ ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ፣ ዓመታት ጠብቄ የገባሁ ነኝ። በሥራዬ አስተርጓሚ በመሆኔ ድንበሩን በእግራቸው ያቋረጡትንም በአውሮፕላን የመጡትንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ከ3,100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የደቡብ ድንበር ላይ አጥር ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ጥያቄ ቅን ሰዎች ይለያያሉ፤ እኔም የራሴ አስተያየት አለኝ፤ ግን የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል። አጥሩ ይሠራ ከተባለ፣ የሚሠራው መንግሥት እንደማንኛውም ሠሪ ሕግ አክብሮ ይሥራ ነው የምለው።

ነገሩ እንዲህ አልጀመረም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 በፕሬዚዳንት ክሊንተን የተፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግ በሳንዲያጎ አቅራቢያ 14 ማይል አጥር እንዲሠራ ሲያዝ፣ ለግንባታው ሲባል ሊታለፉ የሚችሉትን ሕጎች በስማቸው ጠርቶ ነበር። ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የአካባቢ ተጽዕኖ አስቀድሞ እንዲጠና የሚያዘው፣ ሌላው ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትንና ዕፅዋትን የሚጠብቀው። እነዚህስ መታለፍ ነበረባቸው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። ቢሆንም ምክር ቤቱ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ ቦታው ታውቋል፣ ርዝመቱ ተለክቷል፣ የሚታገደው ሕግ ተለይቷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን የዚያ አጥር የመጨረሻዎቹ ጥቂት ማይሎች በካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ ኮሚሽን ተቃውሞ ሲጓተቱ፣ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ያን አንድ ችግር የሚፈታ ሕግ ሳይሆን በድንበሩ ርዝመት ሁሉ በማናቸውም ሕግ ላይ የሚሠራ ሥልጣን ሆነ። አንዲት በር አልከፈት ብላ የቤቱ ቁልፍ በሙሉ ለአንድ ሰው ተሰጠ።

ያውም በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ራሱን ችሎ ክርክር አልተደረገበትም። የሪል አይዲ ሕግ የተያያዘው ለጦርነት ወጪና በሱናሚ ለተጎዱ አገሮች እርዳታ በሚውል የአስቸኳይ ጊዜ በጀት ላይ ነበር። ለወታደር ስንቅ አይሂድ፣ ለሱናሚ ተጎጂ እርዳታ አይድረስ ብሎ እጁን የሚያወጣ ማን ነው? ድምፁ 100 ለ0 ሆነ። ከእናንተ መካከል ያን ቀን በአዳራሹ የነበራችሁ ዛሬም አላችሁ፤ ያኔ ለበጀቱ የሰጣችሁትን ድምፅ ለዚህ ድንጋጌ እንደሰጣችሁት አልቆጥርባችሁም። ዛሬ ግን ድንጋጌው ምን እንደሠራ እያወቃችሁ ነው።

ሥልጣኑ መስፋቱ ብቻ ሳይሆን መቆጣጠሪያው መጥበቡ ይብስ ያሳስበኛል። በእገዳው የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት መሄድ የሚችለው ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል በሚል ምክንያት ብቻ ነው፤ ሚኒስትሩ ሥልጣኑን አላግባብ ተጠቀመ ብሎ መክሰስ አይችልም። ክሱንም በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ከተረታ ወደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሄጃ የለውም፤ የሚቀረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በፈቃዱ እንዲያይለት ማመልከት ነው፤ እዚያ ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች ደግሞ የሚታዩት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። መኪናውን ያለ ቦታው አቁሞ የተቀጣ ሰው እንኳ አቤት የሚልበት ሌላ ደጅ አለው።

በእኛ ቋንቋ «በሕግ አምላክ!» የሚባል ጥሪ አለ። ጥንት ጉልበተኛ ደካማውን ሲገፋ ያየ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ፣ ቁም!» ካለ፣ ዱላ ያነሣው ሰው ዱላውን ያወርድ ነበር። የተጠራው ሕግ ስለሆነ ጠሪው ማንም ይሁን ማን ይቆማል። በ2007 ዓ.ም. በአሪዞና የሆነውን ሳስብ ይህ ጥሪ ይመጣብኛል። ሳን ፔድሮ ከሜክሲኮ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚፈስ፣ በዚያ ደረቅ አገር ግድብ ካልተሠራባቸው ጥቂት ወንዞች አንዱ ነው፤ ግራና ቀኙም ከአገር አገር ለሚዘዋወሩ አዕዋፍ ማረፊያ በመሆኑ በሕግ የተጠበቀ ነው። በዚያ ጥብቅ ሥፍራ አጥር መሥራት ሲጀመር ሁለት የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት የተደረገው ጥናት በቂ አይደለም ብለው ከሰሱ፤ በኦክቶበር ወር በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ኤለን ሁቬል ሥራው ለጊዜው እንዲቆም አዘዙ። በሕግ አምላክ ተብሎ ነበር ማለት ነው። በዚያው ወር ሚኒስትሩ ማይክል ቸርቶፍ በሥፍራው የሚሠሩትን ሕጎች የሚያግድ ጽሑፍ ፈረሙ። ዳኛዋ የተመረኮዙበት ሕግ ከሥራቸው ተነሣ፤ ግንባታውም ቀጠለ። ማኅበራቱ በቀረቻቸው አንዲት መንገድ፣ በሕገ መንግሥት ጥያቄ፣ ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2008 ጉዳዩን አላይም አለ። ተከራካሪው በችሎት መሀል ተነሥቶ የተከሰሰበትን ሕግ ራሱ የሚያነሣው ከሆነ፣ ዳኛ መሰየሙ ለምን አስፈለገ?

ነገሩ በአንድ ወንዝ ቢቀር ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በ2006 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች 700 ማይል ያህል አጥር እንዲሠራ የሚያዝ ሕግ ካጸደቁ በኋላ፣ ሚኒስትሩ በኤፕሪል 1 ቀን 2008 በአንድ ቀን ሁለት እገዳዎች አወጡ፤ 470 ማይል ገደማ ለሚሸፍን ግንባታ ከ30 በላይ ሕጎች እንዳይሠሩ ተደረገ። ዝርዝሩን ፌዴራል ሬጂስተር በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ። የመጠጥ ውኃን ደኅንነት የሚጠብቀው ሕግ አለበት፤ የነባር ሕዝቦችን መቃብር የሚጠብቀው አለበት፤ የሃይማኖት ነፃነትን የሚያስከብረው ሕግም አለበት። የመጨረሻውን ተመልሼ አነበብኩት። አጥር ለመትከል የሃይማኖት ነፃነት ሕግ መታገዱ ለምን እንዳስፈለገ አንድም ማብራሪያ የለም፤ ክፍል 102 ማብራሪያ አይጠይቅምና። ከዝርዝሩ ጋርም ከእነዚህ ሕጎች የመነጩ ወይም ከእነርሱ ጋር የተያያዙ የፌዴራልም የግዛትም ሕጎችና ደንቦች አብረው እንደታገዱ የሚናገር ሐረግ አለ፤ ይህም በየግዛቱ ምክር ቤት የወጡ ሕጎችን ሳይቀር ጠራርጎ የሚወስድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ እናቶችንና አባቶችን ለዓመታት አስጠንቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. ከወጡት 100 ጥያቄዎች 12ኛው «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» ይላል። ከተፈቀዱት መልሶች አንዱን መያዝ ይበቃል፤ መሪዎች ለሕግ መገዛት አለባቸው፣ መንግሥት ለሕግ መገዛት አለበት፣ ከሕግ በላይ የሆነ ማንም የለም፣ እያለ ይሄዳል። አንድ ቀን ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት እንግሊዝኛው አልያዝ ብሏቸው፣ ደብተራቸው ላይ በአማርኛ ፊደል «ኖ ዋን ኢዝ አባቭ ዘ ሎው» ብለው ጻፉና ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እያስኬዱ ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይሄ ለፈተናው ነው ወይስ የእውነት ነው?» አሉኝ። «የእውነት ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ለእሳቸው የሰጠሁትን ቃል እውነት ማድረግ የሚቻለው ግን በእኔ እጅ ሳይሆን በእናንተ እጅ ነው።

የታገደ ሕግ ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። በአሪዞና ኦርጋን ፓይፕ ካክተስ በሚባለው ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ኪቶባኪቶ የምትባል ምንጭ አለች፤ ከድንበሩ ብትርቅ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። ከጣት የማትረዝም አንዲት የዓሣ ዘር በአሜሪካ ምድር የተፈጥሮ መኖሪያዋ እዚያች ኩሬ ብቻ ናት። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ለሆኑት ለኦዳም ደግሞ ቅድመ አያቶቻቸው የኖሩባትና የተቀበሩባት የተቀደሰች ሥፍራ ናት። በ2020 ዓ.ም. ዘጠኝ ሜትር የሚረዝሙ፣ ውስጣቸው በኮንክሪት የተሞላ የብረት ቋሚዎች አጠገቧ ሲተከሉ፣ ለኮንክሪቱ ማቡኪያ የሚሆነው ውኃ ከዚያው በረሃ ከርሰ ምድር ይሳብ ነበር። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት አራት ኢንች ነው፤ እባብና እንሽላሊት ያልፉበታል፣ አጋዘን አያልፍበትም። በዚያው ጥብቅ ሥፍራ የኦዳም አባቶች ሥርዓተ አምልኮ ይፈጽሙበት የነበረው ሞኑመንት ሂል የተባለው ኮረብታ ደግሞ በፈንጂ ተመታ። የቶሆኖ ኦዳም ሕዝብ ሊቀ መንበር ኔድ ኖሪስ በፌብሩዋሪ 2020 እናንተ ፊት ቀርበው፣ ለእኛ ይህ የአገሪቱ ወታደሮች ባረፉበት በአርሊንግተን መካነ መቃብር ላይ ግንብ ከመሥራት አይለይም ሲሉ መሰከሩ። የቃሉን ክብደት ለመረዳት ኦዳም መሆን አያስፈልግም። የነባር ሕዝቦችን መቃብር የሚጠብቀው ሕግ ግን በዚያ ሥፍራ አስቀድሞ ታግዶ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ የሚጠቅሱት ሕግ አልነበራቸውም።

የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ሪፖርት በግንባታው የተፈጥሮ ሀብትና የባህል ቅርስ መጎዳቱን ዘርዝሮ፣ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጉዳቱን የሚያቃልሉበት የጋራ ዕቅድ እንዲያወጡ መክሯል። ምክሩ መልካም ነው፤ የፈረሰ ኮረብታ ግን በዕቅድ አይመለስም። የታገዱት ሕጎች ያዝዙ የነበረውም አስቀድማችሁ አጥኑ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ የሚል ነበር። ጥናት መዝለል ለአጥሩም አይበጅም። የኦርጋን ፓይፕ ጥብቅ ሥፍራ ባለሙያዎች ጎርፍ ሲመጣ ግንድና ፍርስራሽ አጥሩ ላይ ተከማችቶ ውኃውን እንደሚያግደው አስቀድመው አሳስበው ነበር፤ በኦገስት 2011 ጎርፉ 40 ጫማ ያህል አጥር ነቅሎ ወሰደ።

ሥልጣኑ የአንድ ፓርቲ መሣሪያ እንዳይመስላችሁ። በፕሬዚዳንት ቡሽ ዘመን ተጀመረ፣ በፕሬዚዳንት ትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን በስፋት ተሠራበት፣ ከዚያም አንዲት ጫማ ግንብ አልጨምርም ብለው በተመረጡት በፕሬዚዳንት ባይደን ዘመን፣ በኦክቶበር 2023፣ በቴክሳስ ስታር ካውንቲ ለሚሠራ አጥር 26 ሕጎች ታገዱ። በዚያው ሰሞን ፕሬዚዳንቱ ግንብ ይጠቅማል ብለው ያምናሉ ወይ ተብለው ሲጠየቁ አላምንም ነበር ያሉት። ገንዘቡ በ2019 ዓ.ም. ለዚሁ የተመደበ ስለሆነ ማዋል ግዴታችን ነው የሚለው ክርክራቸው ይገባኛል፤ ገንዘቡን ማዋል ግዴታ ነው፣ ሕጎቹን ማገድ ግን ግዴታ አልነበረም። በአጥሩ የማያምን መንግሥት እንኳ እጁን ሊሰበስብለት ያልቻለ ሥልጣን በማንም እጅ ቢገባ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ እገዳዎቹ በካሊፎርኒያም በአሪዞናም ቀጥለዋል፤ በጁላይ 4 የተፈረመው የበጀት ሕግም ለአጥሩ ሥርዓት 46.5 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ይህን ያህል ገንዘብ ሲፈስ ሕግ ሊጠብቅ እንጂ ሊላላ አይገባም ነበር።

ሕጎቹ ካልታገዱ ሥራው በክስ ታንቆ አይንቀሳቀስም የሚሉ አሉ። የክስ መጓተት እውነተኛ ችግር መሆኑን አልክድም። ሆኖም ለዚህ መድኃኒቱ በእጃችሁ ነው፤ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን በአጭር ቀጠሮ እንዲያዩ ልታዝዙ ትችላላችሁ። አንድ ሕግ በአንድ ቦታ በእርግጥ እንቅፋት ከሆነ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. እንደተደረገው ሕጉንም ቦታውንም በስም ጠርታችሁ፣ በግልጽ ተከራክራችሁ፣ ድምፅ ስጡበት፤ እኛም ማን ምን እንዳገደ እናውቃለን። ሕግ ማውጣትም መሻርም የእናንተ ሥራ ነው። በዲሴምበር 2007 ባወጣችሁት ማሻሻያ ሚኒስትሩ ከአካባቢ አስተዳደሮች፣ ከነባር ሕዝቦችና ከባለ ይዞታዎች ጋር እንዲመክር አዝዛችኋል። መልካም ትእዛዝ ነበር፤ ግን በዚያው አንቀጽ ሥር ትእዛዙ ለማንም የመክሰስ መብት እንደማይፈጥር ስለጻፋችሁ፣ ያልተማከረ ባለ ይዞታ ትእዛዙን አንብቦ ከማዘን ያለፈ የሚያደርገው ነገር የለውም።

እናንተ ደግሞ ወገኖቼ፣ ይህ የሜክሲኮ ድንበር ጉዳይ ነው፣ እኛን አይነካንም ስትሉ እሰማለሁ። የሪል አይዲ ሕግ ኮከቧንና የአጥሩን ሥልጣን ብቻ አላመጣም። ያው ሕግ የጥገኝነት ጠያቂ ቃል የሚመዘንበትን መንገድ ቀይሮ፣ የጉዳዩን ፍሬ ነገር የማይነካ አለመጣጣም እንኳ ቃሉን ላለማመን ምክንያት እንዲሆን ፈቅዷል። መስከረም ጠብቶ ዓመቱ ሲለወጥ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከስምንት ወደ ሰባት ዓመት እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። በችሎት ቆሜ ስተረጉም፣ የታሰረበትን ቀን ወደ ፈረንጅ ሲመልስ አንድ ዓመት ያሳሳተ ወጣት በዳኛው ፊት ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ለእኛ አንዲት የቀን ስሕተት ይቅር የማይል ሕግ ለሚኒስትሩ ይህን ያህል ሰፊ ደጅ ከከፈተ፣ ጉዳዩ የእኛም ነው፤ በየወረዳችሁ ተወካይ ቢሮ ደውላችሁ ክፍል 102ን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ።

ክቡራንና ክቡራት፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። በመጀመሪያ፣ ሕጎችን የማገድ ሥልጣኑን የሚሽር ሕግ አውጡ፤ ይህን የሚያደርጉ ረቂቆች ከዚህ ቀደም ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርበው ወደ ሙሉ ድምፅ ሳይደርሱ ቀርተዋል፤ አሁን ግን ወጥተው ድምፅ ይሰጥባቸው። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ የ60 ቀኑ ገደብ ይነሣ፣ መደበኛው የይግባኝ መንገድ ይከፈት፤ ሚኒስትሩም የሚያግደው እያንዳንዱ ሕግ ለምን እንቅፋት እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዳ። ለአጥሩ በምትመድቡት ማናቸውም በጀት ላይም ገንዘቡ ሕጎች በታገዱበት ሥፍራ እንዳይውል የሚያደርግ ቃል ጨምሩበት፤ የዲሴምበር 2007ቱን የምክክር ግዴታ ደግሞ የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት ይዞት ሊሄድ የሚችል ሙሉ ግዴታ አድርጉት።

ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛም ጽፌ ለወረዳዬ ተወካይና ለግዛቴ ሁለቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ልኬያለሁ። መልሳቸውን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ሲደርሰኝም ተርጉሜ ቅዳሜ ለማስጠናቸው እናቶችና አባቶች አነብላቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ